የማያውቅህ ሰው እንዴት ያገኝሃል? ቁሓ፣ ከአሞሌ እስከ ድረ ገጽ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ቁሓ» ብላችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ «ኲሓ» ብላችሁ ሞክሩ። ከዚያ «ኩሃ»። ሦስቱም አንድ ቦታ ናቸው፤ ከመቐለ መሃል በስተምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ዛሬ ከመቐለ ክፍለ ከተሞች አንዷ የሆነች ከተማ። ለሰው ጆሮ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ለኮምፒውተር ግን «ቁ» እና «ኲ»፣ «ሓ» እና «ሃ» እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲሆንማ ጉዱ ይብሳል፤ አንዱ በ«ኪው» ይጀምራታል፣ ሌላው በ«ኬ»፤ መሃል ላይ «ዩ» የሚያስገባ አለ፣ «ደብልዩ» የሚያስገባም አለ። የመቐለም ዕጣ ከዚህ አይለይም፦ መቐለ፣ መቀሌ፣ መቀለ፣ በድሮ የጣሊያን ካርታ ደግሞ ማካሌ።

እንግዲህ ቁሓ ላይ ጋራዥ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ሰው «ድረ ገጽ ላሠራ» ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የሎጎው ቀለም አይደለም። «አድራሻዬን በየትኛው ፊደል ልጻፈው?» የሚለው ነው። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ በጣም ያረጀ ሌላ ጥያቄ ቆሟል፦ የማያውቀኝ ሰው እንዴት ያገኘኛል?

ኦንላይን ማርኬቲንግ የምንለው ነገር ይህን ጥያቄ አልፈጠረውም፤ የቅርብ ጊዜ መልስ ሰጠው እንጂ። ቁሓ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የሺህ ዓመት ገደማ መልስ ያላት ቦታ ናት። መልሶቹን በተርታ ስናያቸው አንድ የሚደጋገም ነገር እናገኛለን፦ ነጋዴው ሁልጊዜ የሚገኘው ሌላ ሰው በያዘው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ምን ይተርፋል? ለመቐለና ለቁሓ ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። የዛሬ ጥቂት ዓመት የደረሰባቸው ነገር ነው።

የጨው በር

ነገሩ ከጨው ይጀምራል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ እየተፈለጠ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በበራህሌ በኩል አድርጎ ወደ ደጋው የሚወጣው ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት የሰሜኑ ንግድ የጀርባ አጥንት ነበር። ከምሥራቅ ለሚመጣው ቅፍለት የመቐለ በር የቁሓ አካባቢ ነው።

ተፈልጦ ቅርጽ የያዘው ጨው፣ አሞሌው፣ ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሏል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጨው አውጪው አፋር ጎጃም ድረስ ሄዶ «ጨው አለኝ» ብሎ አላስተዋወቀም። ሥራውን የሚሠራለት መንገዱ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ።

ገበያው ደግሞ የራሱ የማስታወቂያ ሥርዓት ነበረው፤ ቀን የሚባል። መቐለ ላይ ዕዳጋ ሰኑይ የሚባል ሰፈር አለ፤ ትርጉሙ የሰኞ ገበያ ነው። በስሙ ውስጥ ቦታውም ሰዓቱም አለ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሰኞን ካወቀ፣ የት መሄድ እንዳለበትና መቼ ሰው እንደሚያገኝ አወቀ ማለት ነው። አዋጅ ነጋሪም የሚናገረው፣ ወሬም የሚሰራጨው፣ የልጅ ጋብቻም የሚታጨው እዚያው ነው። ዛሬ የፌስቡክ ገጽ የሚያስተዳድሩ ልጆች «ሰው በብዛት የሚገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ግራፍ ያያሉ። የድሮው ነጋዴ ግራፍ አላስፈለገውም፤ ቀኑ ራሱ በገበያው ስም ላይ ተጽፎለታል።

ነጠብጣብ የሚቆጥር ደንበኛ

መገኘት ግን ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ያገኘህ ሰው ያምንሃል ወይ?

የድሮው ገዢ ንድፍ አያይም ያለ ሰው ተሳስቷል። አሞሌ የተሸራረፈ ወይም የተሰበረ እንደሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ይታያል፣ ይነካል፣ ይገላበጣል። ከአሞሌው ጎን ለጎን ይሠራበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደተሸከመ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀርጿል። ለምን ቢባል፣ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ገዢ ሌላ መልክ አልቀበልም ስላለ! የኛ ሰው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አንድ በአንድ ያይ ነበር። አንዲት ነጠብጣብ ከጎደለች ወይም ከደበዘዘች፣ ብሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ «አይሆንም» ይባላል።

ቪየና ያለ ቀራጭ የትግራይን ገበያተኛ ዓይን ፈርቶ ንድፉን ሳይለውጥ ኖረ ማለት ነው። ዛሬ የድረ ገጽ ንድፍ የሚያስተምሩ ሰዎች «ወጥነት» የሚሉት ነገር ይኸው ነው። ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው ውበትን አይደለም፤ ትናንት ያየው ነገር ዛሬም እዚያው መኖሩን ነው። ስልክ ቁጥሩ በየሳምንቱ የሚቀየር፣ ስሙ ፌስቡክ ላይ አንድ፣ ቴሌግራም ላይ ሌላ፣ በሩ ላይ ሦስተኛ የሆነ ሱቅ ነጠብጣቧ እንደጎደለ ብር ነው። በሰማያዊ ምልክት ወይም አድራሻ መጻፊያው ላይ ባለች ትንሽ ቁልፍ የሚያምን ሰውም ከድሮው ገበያተኛ ብዙ አይለይም። የሚቆጥረው ነገር ተቀየረ እንጂ መቁጠሩን አልተወም።

ድንጋይ ላይ የቀሩ ስሞች

በቁሓና በአካባቢዋ በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ብዙዎቹ የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው። በ2010ሮቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻም በዚያው በቁሓ አጠገብ ቢለት በሚባለው ቦታ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሰፊ የእስልምና መቃብር ቦታ አጥንተዋል። ማለትም፣ በዛጉዌ ዘመንና ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እዚህ ደጋ ላይ ከባሕር ማዶ ካለው ዓለም ጋር የሚገናኝ፣ ዐረብኛ የሚያነብና የሚጽፍ ሙስሊም ማኅበረሰብ ይኖር ነበር። የዚያን ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ ሳያስቡ ይህን ማስረዳት ይከብዳል።

የእነዚህ ሰዎች ሱቅ የለም። ያመጡት ዕቃ የለም። የሄዱበት መንገድም ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። የቀረው ስም ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የሞቱበት ቀን። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አባባላችን ቁሓ ላይ ተረት አይደለም፤ በእጅ የሚነካ ድንጋይ ነው።

አስፋልቱና ሰሌዳው

ቀጣዩ መልስ የመጣው በሽቦና በአስፋልት ነው። ጣሊያኖች ከአስመራ አዲስ አበባ የዘረጉት የቴሌግራፍ መስመር በ1890ዎቹ አጋማሽ ትግራይን አቋርጦ አለፈ። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ደግሞ ትልቁ የሰሜን መንገድ ተሠራ። እዚህ ላይ የቁሓን ታሪክ የሚወስን አንድ ነገር ሆነ፦ ከአዲግራት ወደ ማይጨው የሚወርደው ዋና መንገድ የሚያልፈው በቁሓ ነው። መቐለ የምትገኘው ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ነው። ትልቋ ከተማ ከመንገዱ ገባ ብላ ስትቀር፣ ትንሿ መንገዱ ላይ ቆመች።

መንገድ ላይ መቆም በራሱ ማስታወቂያ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ቁሓን በካርታ አይፈልጋትም፤ ይደርስባታል። ስለዚህ የመንገድ ዳር ንግድ ቋንቋ አጭር ነው፦ በእጅ የተቀባ ሰሌዳ፣ ከሩቅ የሚታይ ፊደል፣ «ምግብ ቤት»፣ «ጎሚስታ»፣ «አልጋ አለ»። ሰሌዳ ጻፊው የዚያ ዘመን ዌብ ዲዛይነር ነበር ብንል አላጋነንም። ምን ያህል ቃል ቢጽፍ ሹፌሩ ሳያልፍ እንደሚያነብበት ያውቃል። ዛሬ «ገጹ በሦስት ሰከንድ ካልተከፈተ ሰው ይሄዳል» የሚሉትን ምክር እሱ በመኪና ፍጥነት ለክቶታል።

ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። በራስ አሉላ ስም የተሰየመው የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በቁሓ በኩል ነው። መቐለን ከሰማይ የሚያገኛት ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው የቁሓን አፈር ሆነ።

ገመዱ ሲመጣ፣ ፊደሉ አልደረሰም

በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት። በመደበኛ ስልክ እየደወሉ፣ መስመሩ እየጮኸ የሚገባበት ዘመን። የድርጅቶች ኢሜይል መጨረሻው «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» ነበር፤ ቢዝነስ ካርድ ላይ ማሳተሙ ራሱ ኩራት ነው።

ግን ያኔ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ድረ ገጽ መሥራት ቅጣት ነበር። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ያስቀምጠው ስለነበር፣ የገጹን ፎንት ያልጫነ አንባቢ የሚያየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ቢሆን፣ ዊንዶውስ የግዕዝ ፎንት ይዞ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 በቪስታ ነው። መፍትሔው ምን ሆነ? አንዳንዱ ጽሑፉን ሥዕል አድርጎ ለጠፈ፤ ሰው ያነበዋል፣ ጉግል ግን አያየውም። አብዛኛው ነጋዴ ደግሞ በቃ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ።

የዚህ ጣጣ እስከዛሬ አለቀቀንም። የአገራችን የንግድ ድረ ገጽ ሲወለድ ጎረቤትን አልነበረም የሚያናግረው፤ የሩቁን ሰው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስሙ ከተነሣ ቀደምት ሙከራ አንዱ ኢትዮጊፍት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ በዓል ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ በግ ይመርጣል፣ በካርድ ይከፍላል፣ በጉ አዲስ አበባ ቤተሰቡ ደጃፍ ይደርሳል። በጉም፣ ነጂውም፣ ተቀባዩም እዚህ ናቸው፤ ድረ ገጹን የሚያየው ሰው ግን እዚያ ነው። ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ገንዘቡም፣ መስመሩም፣ ካርዱም የነበረው እዚያ ነዋ።

መቐለም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ዳሎልና ኤርታ አሌ የሚወስዱ የጉዞ ድርጅቶች ከመቐለ እየተነሡ ሲሠሩ ደንበኛቸውን የሚያገኙት በእንግሊዝኛ ድረ ገጽና በተጓዦች አስተያየት ነበር። ቪዛ በኢንተርኔት መስጠት ሲጀመር፣ በርሊን ያለ ሰው ቪዛውን፣ ትኬቱንና የበረሃ ጉዞውን ከአንድ ወንበር ሳይነሣ ጨርሶ ቁሓ በኩል መውረድ ቻለ። ቁሓ ላይ የተተከለው ማ ጋርመንትም ልብስ እየሰፋ ወደ ውጭ ገበያ ይልክ ነበር። የጨው ቅፍለት ከሚወጣበት በር አጠገብ የተሰፋ ቲሸርት አውሮፓ ይለበሳል።

«ዋጋ በኢንቦክስ»

ለጎረቤት የሚሆን ኢንተርኔት የመጣው በኮምፒውተር ሳይሆን በስልክ ነው። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ሲቀንስ በር ተከፈተ። ጫማ ሻጩም፣ ኬክ ጋጋሪዋም፣ ቤት ደላላውም ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ወጡ። ድረ ገጽ የሚባለውን ደረጃ ብዙዎቹ ዘለሉት። ለምን ይሥሩ? ገጽ መክፈት ነጻ ነው፣ ፊደሉ ይሠራል፣ ዘመድ አዝማድ ያጋራል።

ግን ከገበያው አንድ ነገር ተረሳ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ቴሌግራም ላይ ግን «ዋጋ በኢንቦክስ» ባህል ሆነ። ዕዳጋ ሰኑይ ላይ ሻጩን «ስንት ነው?» ብለህ ብትጠይቀውና በጆሮህ ካልሆነ አልነግርህም ቢልህ ምን ትላለህ? ጥለኸው ትሄዳለህ! ኦንላይንም ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሻጩ የሄደውን ሰው አለማየቱ ብቻ ነው።

ሌላም ችግር ነበር፤ ክፍያ። ፌስቡክ ማስታወቂያ የሚያስከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ዶት ኮም የሚባለው አድራሻም በየዓመቱ በዶላር ይታደሳል። የአገር ቤት የባንክ ካርድ ለረጅም ጊዜ ይህን አልከፈለም። ስለዚህ ነጋዴው ወይ ደላላ ይፈልጋል፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል፣ ወይ ድረ ገጹን የሠራለት ልጅ በራሱ ስም እንዲያስመዘግብለት ያደርጋል። የሱቁ ስም በሕግ የሱ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ግን የሌላ ሰው። መንገዱ በሌላ ሰው እጅ ነው ያልነው ተመልሶ መጣ።

ሲቋረጥ

በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነቱ ተጀመረ። ትግራይ ውስጥ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተቋረጡ። መቐለ ላይ ስልክ ለጊዜው ተመልሶ ነበር፤ ኢንተርኔት ግን አልተመለሰም። ግንቦት 3 ቀን 2013 ቴሌብር ሥራ ሲጀምርና የቀረው አገር በስልክ መክፈልን ሲለማመድ፣ የመቐለ ነጋዴ ፌስቡክ እንኳ መክፈት አይችልም ነበር። ከሰኔ 2013 በኋላ ስልኩም ባንኩም ዳግም ጠፉ። የሰው ሕይወት ያለቀበት ጊዜ ነውና ስለ ድረ ገጽ ማውራት ቀሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የንግድ መቋረጥ ማለት የእንጀራ መቋረጥ ነው፤ ከሰው ሕይወት ለይቶ ማየት አይቻልም።

ዝምታው ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚመስል አስቡት። የፌስቡክ ገጹ አልጠፋም፤ የ2012 ዋጋና የማይጠራ ስልክ ይዞ ቁጭ ብሏል። ካርታው ላይ የሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ በሩ የተዘጋ ሱቅ ለዓለም «አሁን ክፍት ነው» እያለ ይቆያል። የዶት ኮም አድራሻ ደግሞ ሌላ ዕጣ አለው። ቀኑ ካለፈ በኋላ በሁለት ወር ተኩል ገደማ የእፎይታ ጊዜው ያልቅና ስሙ ማንም ሊገዛው ወደሚችልበት ገበያ ይመለሳል። መቋረጡ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በዓመት የሚታደስ አድራሻ በዚህ ጊዜ ሁለት ጊዜ ዕዳው ይደርሳል። አዳሹ መቐለ ውስጥ ከነበረ ማደሻ መንገድ የለውም። ውጭ ያለ ዘመድ ካስታወሰ ተረፈ፤ ካላስታወሰ ስሙ ሄደ።

ያኔ ንግድ የቆመው በትውውቅ ነው። የሚያምንህ በዱቤ ይሰጥሃል፤ የማያምንህ አይሰጥህም። ደረሰኝም፣ ዝውውርም፣ ሎጎም አልነበረም። የማርያ ቴሬዛን ነጠብጣብ የሚቆጥረው ገበያተኛ ተመልሶ መጣ፤ አሁን የሚቆጥረው ግን የሰውየውን ቃል ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኞች አውሮፕላን ዳግም መቐለ አረፈ። ስልኩ፣ ባንኩ፣ ከዚያም ኢንተርኔቱ ቀስ በቀስ ተመለሱ። መንገዱ ተከፈተ።

ምን ይቀጠር?

ዛሬ ቁሓ ላይ ሱቁን መልሶ የሚያቆም ሰው ኢንተርኔትን ይተወው ማለት አይደለም። መንገድ ይዘጋል ብሎ መንገድ ዳር ሰሌዳ ያልሰቀለ ነጋዴ የለም። ግን ሰሌዳውንና መንገዱን መለየት ያስፈልጋል። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ መንገድ ናቸው፤ ባለቤታቸው ሌላ ነው። ስምህ፣ የደንበኞችህ ስልክ ዝርዝር፣ የዕቃህ ፎቶና የዋጋ ደብተርህ ግን የአንተ ሰሌዳ ናቸው። የደንበኛ ስልክ የተጻፈበት ደብተር ኢንተርኔት ሲጠፋ አይጠፋም። የዶት ኮም አድራሻው በባለሱቁ ስም ከተመዘገበና ሦስት አራት ዓመት አስቀድሞ ከተከፈለበት፣ የሚያስታውስ ዘመድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ድረ ገጹን የሚሠራው ልጅም ቢሆን ሥራው ከቀለም ከመጀመሩ በፊት ከፊደል ይጀምራል። ከገጹ ግርጌ «ቁሓ፣ ኲሓ፣ ኩሃ» ብሎ ሁሉንም መጻፍ ውበት ላይጨምር ይችላል፤ የሚፈልግህ ሰው ግን በየትኛው እንደሚጽፍህ አንተ አትመርጥለትም። የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት አገር አድራሻ ማለት «ከአስፋልቱ ወደ መቐለ መታጠፊያው ጋ» ማለት ነው፤ እሱንም በጽሑፍ፣ ጉግል በሚያነበው ፊደል። ዋጋም በግልጽ። በትግርኛ ለጎረቤት፣ በአማርኛ ለመንገደኛ፣ በእንግሊዝኛ ለሩቁ፤ ሦስቱም ላይ ግን አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ ስም።

ከቢለት መቃብር ድንጋዮች ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው፦ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሞተ። ቀራጩ ጌጡን ያበዛው ይሆናል፤ እኛ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ ሰውየውን ያወቅነው ግን ስሙን አጥርቶ ስለጻፈልን ነው።